ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊቱን እንዴት ይጠብቅ?

ከስኳር ሕመም ጋር አሥር፣ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎች ስለ ኩላሊታቸው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው። «እሱስ ደህና ነው፤ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅ።» አይዋሹም፤ እውነትም አላመማቸውም። ስኳር ኩላሊትን ሲጎዳ ሕመም የለውም። ወገብ አካባቢ የሚወጋው ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ከጡንቻ፣ ከአከርካሪ ወይም ከጠጠር የሚመጣ ነው። የስኳሩ ጉዳት ግን ሽንት ሳይቀንስ፣ ትኩሳት ሳይኖር፣ የምግብ ፍላጎት ሳይዘጋ ለዓመታት ይቀጥላል። የእግር እብጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሰውነት ማሳከክና የማይለቅ ድካም ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ነገሩ ከገፋ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው ኩላሊቱን የሚጠብቅለትን ኪኒን «ኩላሊት ይጎዳል» ሲባል ሰምቶ ይፈራዋል። አንዳንዱም ለማንም ሳይናገር ያቆመዋል። ኩላሊትን በእርግጥ የሚጎዳውን የሕመም ማስታገሻ ግን ያለ ማዘዣ ገዝቶ ለሳምንታት ይውጣል። የትኛው እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚጎዳ ለመለየት ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚካሄድ ትንሽ ማወቅ ይበቃል።

አስቀድሞ ግን ስለ ስፋቱ። ስኳር ካለባቸው 10 ሰዎች ሦስቱ ወይም አራቱ በሕይወታቸው የሆነ ደረጃ ላይ የኩላሊት ጉዳት ይገጥማቸዋል። በዓለም ላይ ሰዎችን ለኩላሊት እጥበት ከሚዳርጉ ምክንያቶች ቀዳሚው ስኳር ነው። ቁጥሩን ገልብጠን ስናነበው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው አያገኘውም ማለት ነው። ካገኛቸው መካከልም በጊዜ የተደረሰባቸው ሰዎች ጉዳቱን በብዙ ዓመታት ማዘግየት ይችላሉ። ከ30 ዓመት በፊት እንዲህ ብሎ መጻፍ ይከብድ ነበር፤ ዛሬ ግን በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው።

ውስጡ ምን ይካሄዳል?

እያንዳንዱ ኩላሊት በግምት 1 ሚሊዮን ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ማጣሪያ የምንለው በራሳቸው ላይ የተጠቀለሉ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ነው። ደም በአንድ ሥር ይገባል፣ ይጣራል፣ በሌላ ሥር ይወጣል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚያ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ውሃ፣ ጨውና ስኳር ተለቅሞ ወደ ደም ይመለሳል።

በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ የሚለቀመውም ስኳር ይበዛል። ስኳር ሲለቀም ደግሞ ጨውን አስከትሎ ነው። ስለዚህ ወደ ቱቦው ታችኛው ክፍል የሚደርሰው ጨው ያንሳል። እዚያ ጨውን የሚለኩ ሴሎች አሉ። ጨው ሲያንስባቸው የሚጣራው ደም ያነሰ ይመስላቸውና የመግቢያውን ሥር ያሰፋሉ። በዚህ ላይ አንጂዮቴንሲን የሚባለው ሰውነት የሚያመርተው ንጥረ ነገር የመውጫውን ሥር ያጠባል። መግቢያው ሰፍቶ መውጫው ሲጠብ፣ የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ሲይዙት እንደሚሆነው ሁሉ፣ በማጣሪያው ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል።

በዚህ ደረጃ ምርመራ ቢደረግ ኩላሊቱ ከወትሮው በላይ ሲያጣራ ሊታይ ይችላል። ውጤቱ ያማረ ይመስላል። ግፊቱ ለዓመታት ሲቆይ ግን የማጣሪያው ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል። ፕሮቲን እንዳያልፍ የሚያግዱት ሴሎችም እየረገፉ ይሄዳሉ፤ የረገፉት ደግሞ እንደ ቆዳ በቀላሉ አይተኩም። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ቀጥሎ በብዛት ወደ ሽንት ያልፋል። በመጨረሻም ማጣሪያው ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ኪምልስቲልና ዊልሰን የተባሉ ሐኪሞች ይህን ጠባሳ በማይክሮስኮፕ አይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር። መግቢያውንና መውጫውን የሚያስተካክል መድኃኒት እስኪገኝ ግን ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር።

ሁለቱ ምርመራዎች

ኩላሊት ራሱ ስለማይናገር ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው። የሚጠየቀው በሁለት ምርመራዎች ነው፤ አንዱ ከሽንት፣ ሌላው ከደም። አንዱን ብቻ ሠርቶ «ነፃ ነኝ» ማለት አይቻልም።

የሽንቱ ምርመራ በሽንት ውስጥ ያለውን አልቡሚን ክሪያቲኒን ከሚባለው ቆሻሻ ጋር ያነጻጽራል። ውጤቱ ከ30 ሚሊግራም በግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ30 እስከ 300 ከሆነ ማጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል። ከ300 በላይ ከሆነ ጉዳዩ ከበድ ብሏል። አንዳንድ ላብራቶሪዎች በሌላ መለኪያ ስለሚጽፉት እነዚሁ ድንበሮች 3 እና 30 ሆነው ሊመጡ ይችላሉ፤ ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ማየት አይርሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በየጤና ተቋሙ የሚሠራው ተራ የሽንት ምርመራ፣ ቀለም በሚቀይረው ወረቀት የሚታየው፣ ጥቂት አልቡሚንን አይይዝም። እሱ የሚያሳየው ፕሮቲኑ ሲበዛ ነው። ስለዚህ «ሽንትዎ ንጹሕ ነው» የተባለ ሰው ገና መጀመሪያው ላይ ያለ ጉዳት ሊኖርበት ይችላል። ለሐኪምዎ «የአልቡሚንና የክሪያቲኒን ንጽጽር ይታዘዝልኝ» ብለው በስሙ መጠየቅ ይችላሉ።

አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ቢገኝ ደግሞ አይደንግጡ። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተሠራ ከባድ ስፖርት፣ በጣም የናረ ስኳር ወይም የደም ግፊት ውጤቱን ለጊዜው ከፍ ያደርጉታል። በሦስት ወይም በስድስት ወር ውስጥ ከተሠሩ ሦስት ምርመራዎች ሁለቱ ከፍ ካሉ ነው ጉዳቱ አለ የሚባለው። የጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ይመረጣል።

የደሙ ምርመራ ክሪያቲኒን ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። ችግሩ ብዙ ጡንቻ ያለው ሰው ብዙ ያመርታል፣ ትንሽ ያለው ትንሽ። ስለዚህ ብቻውን ሲታይ ያሳስታል። አንድ ምሳሌ ላሳይዎ። የ30 ዓመት ወንድና የ70 ዓመት ሴት ተመርምረው ሁለቱም ክሪያቲኒናቸው 1.1 ሆነ እንበል። በወረቀቱ ላይ ቁጥሩ አንድ ነው። ዕድሜና ጾታ ገብቶ የማጣራት አቅማቸው ሲሰላ ግን የወጣቱ 93 ገደማ፣ የእናታችን 54 ገደማ ይሆናል። እሱ ጤነኛ ነው። እሷ ግን ውጤቱ ከሦስት ወር በላይ እንዲሁ ከቀጠለ የኩላሊት ሕመም አለባት። ወረቀቷ ላይ ከክሪያቲኒኑ ጎን «ኖርማል» የሚል ቃል ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሚፈልጉት ቁጥር ይህ የተሰላው የማጣራት አቅም ነው። በላብራቶሪ ወረቀት ላይ «ኢ ጂ ኤፍ አር» ይባላል። ከ90 በላይ ጥሩ ነው። ከ60 እስከ 89 ያለው በሽንት አልቡሚን ከሌለ ብቻውን ሕመም አይባልም። ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ካለፈው ሕመም ነው። ከ15 በታች ኩላሊቱ ሥራውን ሊያቆም ተቃርቧል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው እነዚህን ምርመራዎች ማድረግ ያለበት ስኳሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ምክንያቱም ሕመሙ ሳይታወቅ ለዓመታት ኖሮ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ሰው ከታወቀ ከ5 ዓመት በኋላ ይጀምራል። ከዚያ ሁለቱም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ። ጉዳት ከተገኘ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

እኔ ለማንም ስኳር ላለበት ሰው የምመክረው አንድ ቀላል ነገር ወረቀቶቹን አለመጣል ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ በዓመት በዓመት ያስቀምጧቸው። 92፣ ቀጥሎ 84፣ ቀጥሎ 71 የሚል ውጤት ለየብቻው ሲታይ እያንዳንዱ «ምንም አይልም» ሊባል ይችላል። ሦስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሐኪሙ ቁልቁለቱን ያየዋል። በየጊዜው ሌላ ሐኪም ዘንድ የሚታይ ሰው ከሆኑ ደግሞ ይህን ታሪክ ይዞ የሚዞር ከእርስዎ በቀር ማንም የለም።

ዓይንዎንም በዚያው ያስመርምሩ። ስኳር ትንንሽ የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ የዓይንና የኩላሊት ጉዳት ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ሽንት ውስጥ ደም ከታየ፣ እብጠቱ በድንገት ከመጣ ወይም አቅሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ካሽቆለቆለ ግን ጥፋቱን ሁሉ በስኳር ማላከክ ልክ አይደለም። ሌላ የኩላሊት ሕመም ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ እሱን መፈለግ አለበት።

ስኳሩና ግፊቱ

ስኳርን መቆጣጠር ኩላሊትን ይጠብቃል የሚለው ነገር ምክር ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደ ሲሆን 1,441 የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት ተከታትሏል። ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው የያዙት ሰዎች በሽንታቸው አልቡሚን የመታየት ዕድሉ በ39 በመቶ ቀነሰ። ብዙ አልቡሚን የማፍሰስ ዕድሉ ደግሞ በ54 በመቶ። ከጥናቱ በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ስኳር ቢቀራረብም ጥቅሙ ለዓመታት አብሯቸው ቆየ።

የሁለት ሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው የኤ ዋን ሲ ውጤት ለብዙ ሰው 7 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ለአዛውንት፣ ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ላለበት ሰው 8 አካባቢ መሆኑ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ግቡን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገርዎ። ለዓመታት አንድ ዓይነት የኢንሱሊን መጠን ሲወጋ የኖረ ሰው ድንገት ስኳሩ «ጥሩ» መሆን ይጀምራል። አመጋገቡን አልቀየረም፣ ክብደት አልቀነሰም። ጠዋት ሲለካ 90 ያገኛል፣ ሌሊት አልቦት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ይነቃል። ቤተሰቡ «ስኳሩ እየለቀቀው ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ይህ ምልክት ግን የኩላሊት ምርመራ የሚፈልግ ነው። ኢንሱሊንን ሰብሮ ከሰውነት የሚያስወግደው በከፊል ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ሲደክም የተወጋው ኢንሱሊን ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይና ስኳሩን ከሚገባው በታች ያወርደዋል። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ የስኳር ኪኒኖችም እንዲሁ ይከማቻሉ። ያለ ምክንያት ስኳርዎ መውረድ ከጀመረ መጠኑ እንዲስተካከልና ክሪያቲኒን እንዲሠራልዎ በዚያው ሳምንት ሐኪም ያነጋግሩ።

ኩላሊቱ ላይ የደም ግፊት የሚያደርሰው ጉዳት ከስኳሩ አያንስም። ስኳርና የኩላሊት ጉዳት ላለበት ሰው በጥቅሉ የሚመከረው ከ130 በ80 በታች ነው። ቤት ውስጥ ሲለኩ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይረፉ፤ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ እየለኩ አያውሩ። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም፤ ይህ መጠን በታሸጉ ምግቦች ውስጥ ያለውንም ይጨምራል። ለደም ግፊት ተብለው የሚሸጡ የጨው ምትኮች ብዙዎቹ ፖታሲየም አለባቸው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየምን በሚገባ ስለማያስወጣ ልቡን ለአደጋ ሊያጋልጡት ይችላሉ። ሳይጠይቁ አይጠቀሙባቸው።

የሚፈሩት ኪኒኖች

መግቢያው ሰፍቷል፣ መውጫው ጠቧል ብለን ነበር። ዛሬ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

መውጫውን የሚከፍቱት ካፕቶፕሪል፣ ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና የነሱ ዘመድ የሆኑት እንደ ሎሳርታንና ኢርቤሳርታን ያሉት ናቸው። የአንጂዮቴንሲንን ሥራ ያግዳሉ። ካፕቶፕሪል የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ባለባቸው ሰዎች የኩላሊትን ውድቀት እንደሚያዘገይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሎሳርታንና ኢርቤሳርታን ደግሞ በሁለተኛው ዓይነት በ2001። ዋና ተጠቃሚዎቹ ስኳር ኖሮባቸው የደም ግፊት ወይም በሽንት አልቡሚን ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ግፊቱም ሽንቱም ደህና ለሆነ ሰው ለመከላከያ ተብሎ አይሰጥም።

ወሬው የሚነሳው እዚህ ነው። ኪኒኑ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክሪያቲኒን ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ሰውየው ውጤቱን ሲያይ «ኩላሊቴን ጎዳው» ብሎ ያቆማል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በማጣሪያው ውስጥ የነበረው ከልክ ያለፈ ግፊት ስለወረደ የሚጣራው መጠን በዚያው ልክ ቀነሰ። የተፈለገውም ይህ ነው። ጭማሪው ከ30 በመቶ ካልበለጠ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ይቀጥላል። ከበለጠ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከተጀመረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም የሚመረመሩት። ይህችን ቀጠሮ አይዝለሏት።

እነ ኤናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ያኔ ወደ እነ ሎሳርታን መቀየር ይቻላል፤ አቁሞ መቅረት ግን አይገባም። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት፤ ጽንሱን ይጎዳሉ። እነ ኤናላፕሪልንና እነ ሎሳርታንን ደርቦ መውሰድም ጉዳቱ ያመዝናል።

መግቢያውን የሚያጠቡት አዲሶቹ ናቸው፤ ካናግሊፍሎዚን፣ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን። የዘር ሐረጋቸው ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1835 የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ቅርፊት ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ነገር አወጡ። ሽንት ውስጥ ስኳር እንዲወጣ እንደሚያደርግ ቆይቶ ታወቀ። የዛሬዎቹ ኪኒኖች የተቀረጹት ያንን መነሻ አድርገው ነው። ኩላሊት ስኳርንና ጨውን መልሶ የሚለቅምበትን በር ይዘጋሉ። ጨው ወደ ታች ሲደርስ እነዚያ የሚለኩ ሴሎች ይረጋጋሉ፣ የመግቢያው ሥርም ወደ ልኩ ይመለሳል። በ2019 በታተመው የካናግሊፍሎዚን ጥናት፣ ስኳርና የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የኩላሊት ውድቀትንና መሰል ከባድ ጉዳቶችን በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በዳፓግሊፍሎዚንና በኢምፓግሊፍሎዚን የተደረጉት ጥናቶችም ይህንኑ አጠናከሩ። የማጣራት አቅም ወደ 20 እስኪወርድ ድረስ ሊጀመሩ ይችላሉ። እነሱም መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ያደርጉታል፤ ምክንያቱ ቅድም ያየነው ነው።

ጥንቃቄም ይፈልጋሉ። ሽንቱ ስኳር ስለሚኖረው በብልት አካባቢ ፈንገስ ሊነሳ ይችላል፤ ንጽሕና ያስፈልጋል፣ ሲያሳክክም አፍሮ አለመደበቅ። አልፎ አልፎም የደም ስኳር ብዙ ሳይጨምር ደም ሰውነት ስብን ሲያነድ በሚያወጣው የኬቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል። ስለዚህ ምግብ በማይበላበት ሕመም ጊዜ ይቆማሉ፤ ከቀዶ ሕክምና በፊትም በጥቂት ቀናት ቀድመው ይቆማሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ላለበት ሰው በአጠቃላይ አይታዘዙም።

ሌሎችም መጥተዋል። በሳምንት አንዴ የሚወጋው ሴማግሉታይድ በ2024 በታተመ ጥናት ለኩላሊት ጥቅም አሳይቷል። ፊኔሬኖን የሚባለው ኪኒንም አለ። የኮሌስትሮል መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፤ ምክንያቱም የኩላሊት ጉዳት ካለባቸው የስኳር ታማሚዎች ብዙዎቹ እጥበት ላይ ሳይደርሱ የሚሞቱት በልብ ሕመም ነው። ሲጋራ ማቆም ለልብም ለኩላሊትም ይጠቅማል።

ስለ ሜትፎርሚን የሚወራው ደግሞ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ነው። ሜትፎርሚን ኩላሊትን አይጎዳም። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ግን ኩላሊት ሲደክም ይከማቻል። ስለዚህ የማጣራት አቅም ከ45 በታች ሲሆን መጠኑ ይታያል፣ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። ሐኪሙ ሲያቆመው «ድሮስ ሲጎዳኝ ነበር» ብሎ መደምደም አያስፈልግም።

በእርግጥ የሚጎዱት

ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን። የጉልበት ሕመም፣ የጥርስ ሕመም፣ የወገብ ሕመም ሲነሳ መጀመሪያ እጅ የሚገቡት እነዚህ ናቸው። የተጎዳ ኩላሊት የመግቢያውን ሥር ክፍት ለማድረግ ሰውነት በሚሠራቸው ንጥረ ነገሮች ላይ ይደገፋል። እነዚህ ማስታገሻዎች ደግሞ ያንን ድጋፍ ይነሱታል። ሰውየው በዚያ ላይ ኤናላፕሪልና ፈሳሽ የሚቀንስ የግፊት ኪኒን የሚወስድ ከሆነ ሦስቱ ተደርበው ኩላሊቱን በቀናት ውስጥ ሊያደክሙት ይችላሉ። ለተራ ሕመም በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ለኩላሊት የተሻለ ነው። ፋርማሲ ሲገቡ «ስኳርና ኩላሊት አለብኝ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያስቀድሙ።

ምን እንዳለበት የማይታወቅ የተቀመመ መድኃኒትም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ፣ ቤልጂየም፣ ክብደት ለመቀነስ ዕፀዋት የተቀላቀሉበት መድኃኒት የወሰዱ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል። በስህተት የገባው አሪስቶሎኪያ የሚባል ተክል ነበር። ሴቶቹ ስኳር አልነበረባቸውም፤ ጤነኛ ኩላሊትን ይህን ካደረገ የደከመውን ምን እንደሚያደርገው መገመት ይቻላል።

የማስታወክና የተቅማጥ ቀንም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰውነት ውሃ ሲያጣ በሌላ ቀን የሚጠቅሙት ኪኒኖች ኩላሊቱን ሊጫኑት ይችላሉ። እነ ኤናላፕሪልና ሎሳርታን፣ ፈሳሽ የሚቀንሱት ኪኒኖች፣ ሜትፎርሚንና እነ ዳፓግሊፍሎዚን ብዙ ጊዜ ለጊዜው እንዲቆሙ ይመከራል። መብላትና መጠጣት ከተመለሰ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይቀጥላሉ። ኢንሱሊን ግን መጠኑ ይስተካከል እንደሆነ እንጂ በራስ ውሳኔ አይቆምም፤ የመጀመሪያው ዓይነት ላለበት ሰው ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ደህና በሆኑበት ቀን ሐኪምዎን «ብታመም የትኛውን ላቁም?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በወረቀት ጽፈው ከመድኃኒቶቹ ጋር ያስቀምጡት።

ስለ ምግብ ብዙ ይባላል፤ እኔ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የኩላሊት ጉዳት ያለበትና እጥበት ያልጀመረ ሰው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 56 ግራም ማለት ነው። የፕሮቲን ዱቄት መጨመር አያስፈልግም፤ ራስን በረሃብ መቅጣትም እንዲሁ። ውሃ ደግሞ ሲጠማ መጠጣት ነው። ብዙ ሊትር በግድ መጠጣት ስኳር የጎዳውን ማጣሪያ አያጥበውም።

ወደ ኩላሊት ሐኪም መቼ?

የማጣራት አቅም ከ30 ሲወርድ፣ የሽንት አልቡሚን ከ300 በላይ ሆኖ ሲቆይ ወይም አቅሙ በዓመት ከ5 በላይ እየቀነሰ ሲሄድ የኩላሊት ስፔሻሊስት ማየት ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ቀጠሮ የእጥበት መጀመሪያ አድርጎ ስለሚያየው ያዘገየዋል። ቀድሞ የሄደ ሰው ግን ምርጫው ይሰፋለታል። እጥበቱን ለዓመታት ማራቅ ይችል ይሆናል። ካልሆነም ከቤተሰብ የሚለግስ ሰው ተገኝቶ እጥበት ሳይጀመር ንቅለ ተከላ ሊደረግ ይችላል። ማሽን የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ለደም መቅጃና መመለሻ የሚሆነው የክንድ ሥር በቀላል ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ ይዘጋጃል። ሥሩ ለመጠንከር ሳምንታትን አንዳንዴም ወራትን ይፈልጋል። ስለዚህ አቅማቸው ወደ 30 እየተጠጋ ያሉ ሰዎች ከአሁኑ የማይሠሩበትን ክንድ ሥሮች ይጠብቁ፤ ደም ሲቀዳ ወይም ግሉኮስ ሲሰካ ከእጅ መዳፍ ጀርባ እንዲሆን ነርሷን ይጠይቁ።